ምዕራፍ ስድስት፦ ማዶን ወይስ ኤስ5?

በቱር ደ ፍራንስ አረንጓዴውን ማልያ የሚወስደው በየዕለቱ የፍጻሜ መስመር ላይና በመንገድ መሃል በሚደረጉ የፍጥነት ፉክክሮች ከሁሉ የበለጠ ነጥብ የለቀመ ጋላቢ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ቀኑን ሙሉ ከጓደኞቹ ጀርባ ተጠልሎ ይቆይና በመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ብቻውን ወደ ነፋሱ ይወጣል፤ ያኔ ፍጥነቱ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ያልፋል። አየርን በተሻለ የሚሰነጥቀው ብስክሌት የትኛው እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው ዓይኑን መጀመሪያ የሚጥለው እዚህ ማልያ ላይ ነው። በ2021 (በዚህ ምዕራፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ማርክ ካቨንዲሽ በስፔሻላይዝድ ወሰደው። በ2022 ዋውት ቫን አርት በሰርቬሎ፣ በ2023 ያስፐር ፊሊፕሰን በካንየን፣ በ2024 ቢንያም ግርማይ በኪዩብ፣ በ2025 ጆናታን ሚላን በትሬክ። አምስት ዓመት፣ አምስት ሰው፣ አምስት ፋብሪካ።

የቢንያም በተለይ ልብ ይባል። የአስመራው ልጅ ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ፣ በቱሩ ታሪክ የዕለት ድል ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆኖ፣ ማልያውንም ለብሶ ሲገባ ደስታው ከመረብ ወዲህም ነበር። በዚያው ውድድር ውስጥ በርዕሱ ያሉት ሁለት ብስክሌቶች፣ ማዶንም ኤስ5ም፣ ነበሩ። እሱ የጋለበው ግን ሁለቱንም አልነበረም።

ይህን ያነሳሁት ብስክሌቶች ሁሉ አንድ ናቸው ለማለት አይደለም፤ አይደሉምም። በ13,000 ዶላር አካባቢና ከዚያም በላይ የሚሸጥ ዕቃ ለመግዛት ያሰበ ሰው ግን ፋብሪካዎቹ የሚነግሩትን ሳይሆን እሱ ራሱ ሊጠይቅ የሚገባውን ይዞ ወደ ሱቅ እንዲሄድ እፈልጋለሁ። ለዚህም ሁለት ብስክሌቶችን እንውሰድ፦ የአሜሪካውን ትሬክ ማዶን ኤስኤልአር ስምንተኛ ትውልድና የካናዳውን ሰርቬሎ ኤስ5። የመረጥኳቸው ተመሳሳይ ስለሆኑ አይደለም። ለአንድ ጥያቄ የሰጡት መልስ ተቃራኒ ስለሆነ ነው።

ነፋሱ የሚበላው

በሜዳ ላይ የሚጋልብ ሰው ጉልበቱን ለሦስት ነገር ይከፍላል። ጥቂቱ በሰንሰለትና በኩሽኔታ ሰበቃ ይጠፋል፤ ሌላው ጎማው አስፋልቱ ላይ ሲለመጥና ሲመለስ ይባክናል፤ የቀረውን አየር ይወስደዋል። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ድርሻ ሌሎቹን እየዋጠ ይሄዳል፤ ምክንያቱም አየርን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፣ በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ነው የሚያድገው። ፍጥነትን እጥፍ ማድረግ ስምንት እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። በቁጥር ለማየት፦ መካከለኛ ቁመና ያለው ጋላቢ በባሕር ጠለል ከፍታ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ለአየሩ ብቻ ወደ 110 ዋት ያወጣል። 40 ሲደርስ ይኸው ሰው ወደ 260 ዋት ይከፍላል።

ከዚህ ውስጥ ብስክሌቱ የሚጠየቅበት ሩብ ያህሉ ነው። ሦስት አራተኛ ገደማ የሚሆነው የጋላቢው ገላ ዕዳ ነው፦ ትከሻው፣ ጭንቅላቱ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሉት እግሮቹ። የፍሬም ነዳፊዎች የሚጣሉት በቀረው ሩብ ላይ ሲሆን ከዚያም ውስጥ ቸርኬው፣ መሪው፣ የውሃ ኮዳውና ገመዱ የየራሳቸውን ድርሻ ይይዛሉ።

ትግሉ ግን ከንቱ አይደለም። ክብ ቱቦ አየሩን ከፊት ይከፍለዋል እንጂ ከኋላ መልሶ ሊገጥመው አይችልም፤ አየሩ ከቱቦው ጎን ተላቅቆ ይናወጣል፣ ከኋላው ዝቅተኛ ግፊት ያለበት ባዶ ቦታ ይፈጠራል፣ ያ ቦታ ደግሞ ብስክሌቱን ወደ ኋላ ይስበዋል። ከፊቱ ዶልዱሞ ከኋላው እየቀጠነ የሚሄድ ቅርጽ ግን አየሩን ቀስ አድርጎ ስለሚያጋጥመው ስፋቱ እኩል ከሆነ ክብ ቱቦ ብዙ እጥፍ ያነሰ ተቃውሞ ይገጥመዋል። ችግሩ ሙሉው ቅርጽ ረጅም፣ ከባድና ለጎን ነፋስ የተጋለጠ መሆኑ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ቩኒባልድ ካም በመኪና ላይ ያሳየው ዘዴ እዚህ ይገባል፦ ጭራውን ቁረጠው፣ አየሩ ያለ እንደሆነ አድርጎ ያልፋል። ዛሬ ውድ የሚባሉ የነፋስ ብስክሌቶች ቱቦዎች አብዛኞቹ እንዲህ ጭራቸው የተቆረጠ ነው። የማዶንም የኤስ5ም መሠረት ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የትኛው ምን ያህል ደፍሮ ሄደ የሚለው ላይ ነው።

አንድ ብስክሌት ወይስ ሁለት

ትሬክ በ1976 በዊስኮንሲን ግዛት ዋተርሉ በምትባል ትንሽ ከተማ የተጀመረ ፋብሪካ ነው። ማዶን የሚለውን ስም በ2003 ያወጣው በፈረንሳይ ከማንቶን ከተማ በላይ ካለ ዳገት ወስዶ ነው፤ ያኔ ብስክሌቱ ቀላልነትን የሚያሳድድ የተራራ ልጅ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ማዶን ወደ ነፋስ ብስክሌትነት ዞረና ዳገቱን ኤሞንዳ ለሚባል ቀላል ብስክሌት ተወለት። በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመጋለብ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጸጋቡ ግርማይ በ2018 ወደ ትሬክ ሴጋፍሬዶ ቡድን ሲገባ ቡድኑ ሁለቱንም ይይዝ ነበር፦ ለሜዳ ማዶን፣ ለተራራ ኤሞንዳ። በሰኔ 2024 ግን ትሬክ ኤሞንዳን አቆመና ስምንተኛውን ማዶን የሁለቱም ወራሽ ብሎ አቀረበ። ከሰባተኛው ትውልድ በነፋስ አላነሰም፣ በክብደት ግን 320 ግራም ቀሏል አለ።

ሰርቬሎ በ1995 ጄራርድ ቭሩመንና ፊል ኋይት የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች የጀመሩት ነው። ከመነሻው ነፋስን ያስቀደመ ቤት ነበር፤ የመንገድ ብስክሌት ክብደቱ ብቻ በሚወራበት ዘመን ቱቦን ለአየር መቅረጽ የጀመሩት እነሱ ከጥቂቶቹ ጋር ናቸው። ኤስ5 በ2011 ወጣ። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ መሪውን ከፍሬሙ የሚያገናኘው አንገት ለሁለት ተከፍሎ እንደ ቪ ፊደል ሆነ፤ አየሩ በሁለቱ ክንዶች መሃል እንዲያልፍ ነው። ሰርቬሎ ትሬክ የሄደበትን መንገድ አልሄደም። ለነፋስ ኤስ5፣ ለዳገት አር5 ብሎ እስከ ዛሬ ሁለቱን ለይቶ ይሠራል። ዮናስ ቪንገጎር በ2022 እና በ2023 ቱሩን ሲያሸንፍ እንደ መንገዱ አቀማመጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀያይር ነበር።

ዋናው ጉዳይ ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ቪንገጎር ኤስ5ን የሚጋልበው ሁለተኛው ብስክሌት በቡድኑ መኪና ጣሪያ ላይ ተጭኖ እየተከተለው፣ መካኒኩም መፍቻውን በእጁ ይዞ ነው። ገዢው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብስክሌት ነው የሚገዛው። ኤስ5 ወንድሙ አጠገቡ እንዳለ ታስቦ የተሠራ ዕቃ ነው፤ ማዶን ብቻውን እንደሚኖር ታስቦ። ይህን ልዩነት የትኛውም የዋት ቁጥር አያሳየውም።

ክብደቱን እንመዝነው። ሙሉ ዕቃው የተገጠመለት ማዶን ወደ 7 ኪሎ ይጠጋል፤ ኤስ5 እንደ ዕቃው ከዚያ እስከ ግማሽ ኪሎ ይበልጣል። የዓለም ብስክሌት ማኅበር ዩሲአይ ለውድድር ያስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ 6.8 ኪሎ ስለሆነ ማዶን ወለሉ አጠገብ ነው። ግማሽ ኪሎ ስንት ነው? ጋላቢውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 80 ኪሎ ይመዝኑ፣ ሰውየውም ሳይዋዥቅ 250 ዋት ያውጣ እንበል። ከአዲስ አበባ ወደ እንጦጦ ጫፍ ሲወጣ 500 ሜትር ሽቅብ ቢያገኝ፣ ክብደትን ለማንሳት ብቻ የሚያስፈልገው ጊዜ 26 ደቂቃ ገደማ ነው። ግማሽ ኪሎው ከዚያ ላይ የሚጨምረው 10 ሰከንድ ነው። ለሚወዳደር ሰው 10 ሰከንድ ብዙ ነው፤ ጓደኛውን ላይመልሰው ሊያጣው ይችላል። ለጤናው ለሚወጣ ሰው ግን በመንገድ ላይ የቆመ ሚኒባስ ለማሳለፍ የሚጠብቀው ጊዜ ነው።

ስለዚህ በክብደት ማዶን ያሸንፋል፣ ግን ፋብሪካው በሚያወራው ልክ አይደለም።

ቁጥሮቹን ማን ለካቸው

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። የነፋስ ብስክሌት ማስታወቂያ ሲነበብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከምን ጋር አወዳድረው ነው?» የሚለው ይሁን። ትሬክ ስምንተኛው ማዶን በሰዓት 77 ሰከንድ ይቆጥባል ሲል የሚያወዳድረው ከኤሞንዳ ጋር ነው፤ ለዳገት ከተሠራ፣ ነፋስ ዋና ጉዳዩ ካልነበረ ብስክሌት ጋር። በተጨማሪም ማዶን ከራሱ ልዩ የውሃ ኮዳዎች ጋር አብሮ የተነደፈ ነው። ኮዳዎቹ ሰፋፊና ጠፍጣፋ ሆነው በቱቦዎቹ መሃል ያለውን ክፍተት ይሞላሉ። ገዢው አውጥቶ ሱቅ ያገኘውን ክብ ኮዳ ቢሰካበት ከከፈለው ጥቅም የተወሰነው እዚያው ይቀራል።

ሰርቬሎ በበኩሉ የ2025ቱ ኤስ5 ከቀዳሚው ወደ 6 ዋት ይቆጥባል ይላል። ጥሩ ነው፤ ግን በስንት ፍጥነት? የነፋስ መሞከሪያ ዋሻዎች ብዙውን ጊዜ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይለካሉ። የጀርመኑ «ቱር» መጽሔትም ከፋብሪካዎቹ ነጻ ሆኖ ብስክሌቶችን የሚያወዳድረው በዚሁ ፍጥነት ነው፤ በእሱ ሰንጠረዥ ላይ ምርጦቹ የሚቀመጡት በጥቂት ዋት ልዩነት ተጠጋግተው ነው። በ45 የተገኘው 6 ዋት በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከ2 ዋት በታች ይሆናል፤ ያው የሦስተኛው ርቢ ሕግ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «እንግዲያው ለዝግተኛ ጋላቢ የነፋስ ብስክሌት ዋጋ የለውም» ብሎ ይደመድማል። ድምዳሜው ግን ትክክል አይደለም። የአየር ተቃውሞ በመቶ አንድ ቢቀንስ ፍጥነት የሚጨምረው በአንድ ሦስተኛ በመቶ ገደማ ሲሆን ይህ ለፈጣኑም ለዝግተኛውም ይቀራረባል። 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት 45 እየሄደ የሚጨርስ ሰው መንገድ ላይ የሚቆየው 53 ደቂቃ ስለሆነ ትርፉ 11 ሰከንድ ያህል ነው። በሰዓት 30 የሚሄደው 80 ደቂቃ ስለሚቆይ 16 ሰከንድ ሊደርስ ይችላል። የጎማ ሰበቃ ድርሻ በዝግታ ላይ ከፍ ስለሚል ቁጥሩ ትንሽ ይወርዳል እንጂ ነገሩ ይኸው ነው፤ ዝግተኛውም ትርፉን ያገኛል። ትርፉን የሚወስደው ግን ብቻውን ሲጋልብ ነው። በሌሎች ጀርባ ተጠልሎ ለሚውል ሰው ጓደኞቹ የሚሠሩለት ሥራ ከየትኛውም ፍሬም ይበልጣል።

ከፍታ

በአውሮፓ የሚጻፉ የብስክሌት ጽሑፎች የማይነኩት፣ ለእኛ አገር ጋላቢ ግን ከብዙ ነገር የሚበልጥ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በመቶ 23 ያህል የሳሳ ነው። በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በባሕር ጠለል ለአየሩ 175 ዋት የሚከፍል ከሆነ አዲስ አበባ ላይ 135 ይበቃዋል። ዓለም ላይ ከሚሸጡት ሁለት ምርጥ የነፋስ ብስክሌቶች መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ዋት ነው፤ ከተማዋ ግን ያለ ምንም ዶላር 40 ዋት ትሰጣለች። ኤዲ መርክስ በ1972 የአንድ ሰዓት ሪከርድ ለመስበር ከቤልጂየም ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ የሄደው ይህንኑ ፍለጋ ነበር፤ 49.431 ኪሎ ሜትር ጋልቦ ተመለሰ። ሳንባ በበኩሉ ከፍታውን በኦክሲጅን እጥረት ይከፍላል፤ ተወልዶ ያደገበት ሰው ግን ከመጤው ባነሰ ዋጋ።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። በባሕር ጠለል 6 ዋት የተባለው ልዩነት አዲስ አበባ ላይ፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፣ ከአንድ ዋት ተኩል በታች ይወርዳል። ዳገቱ ግን ከፍታ ስለጨመረ አይቀልም፤ ኪሎ ኪሎ ነው። መቀሌም ሆነ አዲስ አበባ ለሚጋልብ ሰው ሚዛኑ ከነፋስ ወደ ክብደትና ወደ ጎማ ያጋድላል። በተቃራኒው ዱባይ ያለው ወገን፣ አል ቁድራ በረሃ ውስጥ በተዘረጋው ዳገት በሌለው የብስክሌት መንገድ የሚጋልበው፣ በባሕር ጠለል አቅራቢያ ነው። ሙቀቱ አየሩን ትንሽ ያሳሳለት እንደሆነ እንጂ ነፋሱ ሜዳውን ሁሉ የራሱ አድርጎታል። ለእሱ ኤስ5 ትርጉም አለው። ቴል አቪቭ ባሕር ዳርቻ ለሚጋልበውም እንደዚያው።

ገላና መሪ

ሦስት አራተኛው ዕዳ የገላ ነው ካልን ብስክሌት መምረጥ ማለት በመጀመሪያ ደረጃ ገላን ዝቅ አድርጎ ረጅም ሰዓት ማስቀመጥ የሚያስችለውን መምረጥ ነው። የሁለቱ ብስክሌቶች ፍሬም በመካከለኛ መጠኖች ከፍታውም ርዝመቱም የሚለያየው በጥቂት ሚሊሜትር ነው። ሁለቱም የውድድር ብስክሌት ናቸው፤ ወገብን ያጎብጣሉ። በካታሎግ ላይ ስለተቀራረቡ ግን በገላ ላይም አንድ ናቸው ማለት አይደለም፤ የሚለያዩት መሪው ላይ ነው።

ትሬክ ከሰባተኛው ማዶን ጀምሮ እጅ የሚያርፍበትን የመሪውን ላይኛ ክፍል ከታችኛው አጠበበ፤ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል። ትከሻ ሲጠብ የፊት ስፋት ይቀንሳል፣ ይህም አንዳንድ ጊዜ ከፍሬሙ ቅርጽ የበለጠ ይቆጥባል። ደረቱ ሰፊ ለሆነ፣ ወይም ዳገት ላይ በእጁ እየሳበ መተንፈስ ለለመደ ሰው ግን መጥበቡ ሊከብደው ይችላል። ከመግዛት በፊት ቢያንስ አንድ ሰዓት መጋለብ ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው። ሱቁ ፊት ለፊት ሁለት ዙር መዞር አይበቃም፤ አንገት የሚናገረው ከ40 ደቂቃ በኋላ ነው። ከመሪው ዝቅታ የተነሳ አንገቱ አሞት ክርኑን አቅንቶ የሚነሳ ጋላቢ ፍሬሙ ያተረፈለትን ሁሉ በትከሻው ይመልሰዋል። ከፍ ባለ መሪ ላይ ክርኑን አጥፎ ሁለት ሰዓት የሚቆይ ሰው ይቀድመዋል።

ምቾትም እዚሁ ውስጥ ይገባል። ማዶን ከኮርቻው በታች ፍሬሙ ውስጥ ቀዳዳ አለው፤ አየር ያልፍበታል፣ ከዚያም በላይ የኮርቻው ምሰሶ መንገዱ ሲያንገጫግጭ ትንሽ እንዲለመጥ ያደርገዋል። ኤስ5 ምቾቱን የሚፈልገው ከጎማው ነው። ሁለቱም 30 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጎማ በምቾት ይቀበላሉ፤ ይህን ስፋት በአነስተኛ ግፊት ሲነፉት በተቦጫጨቀ አስፋልት ላይ ለውጡ ወዲያው ይታወቃል። ጎማን ካነሳን አይቀር፦ በጥሩ የውድድር ጎማና በወፍራም የልምምድ ጎማ መካከል ያለው የሰበቃ ልዩነት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከ10 ዋት በላይ ነው። በሁለቱ ፍሬሞች መካከል ካለው ልዩነት ብዙ እጥፍ፣ በዋጋ ግን ከመቶ አንዱን ያህል።

ቸርኬን በተመለከተ ኤስ5 ጥልቅ ቸርኬ ይዞ ይመጣል፤ በ2022ቱ ሞዴል የፊቱ 52 ሚሊሜትር፣ የኋላው 63 ነበር። የፊቱ ማነሱ ሆን ተብሎ ነው፤ የጎን ነፋስ መሪውን የሚነጥቀው ከፊት ስለሆነ። ማዶን 51 ሚሊሜትር ላይ ይቆማል። ቀላል ገላ ያለው ሰው ኃይለኛ የጎን ነፋስ ባለበት ሜዳ ከሆነ መኖሪያው ይህን ያስብበት።

ኩሽኔታው ያለቀ ዕለት

አሁን የምጽፈው ከዋት ሁሉ በላይ የማምንበትን ነው። ውድ ብስክሌት የሚገዛ ሰው የመጀመሪያውን ቀን እያሰበ ይገዛል። ማሰብ ያለበት ግን ከብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ዝናብና አቧራ የመሪውን ኩሽኔታ የበላበትን ቀን ነው።

በድሮ ብስክሌት ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። ዛሬ የፍሬኑ ዘይት የሚሄድበት ቱቦ በመሪው ውስጥ ገብቶ፣ በአንገቱ አልፎ፣ በኩሽኔታው መሃል ወደ ፍሬሙ ይወርዳል። ከውጭ አንድም ገመድ አይታይም፤ ነፋሱም የሚይዘው አያገኝም። ነገር ግን ኩሽኔታውን ለመቀየር የፍሬኑን ቱቦ መፍታት፣ ዘይቱን ማፍሰስ፣ መልሶ መሙላትና አየሩን ማውጣት ይጠይቃል። ማዶንም ኤስ5ም ከዚህ አያመልጡም። ፍሬኑ በዘይት፣ ማርሹ በኤሌክትሪክ ነው፤ ባትሪ ይሞላል፣ የሚሠራበትን ፕሮግራም ማዘመን ያስፈልጋል። በካርቦን ላይ ያለ ብሎን ደግሞ በእጅ ስሜት አይጠብቅም፤ ልኩ አጠገቡ ተጽፎበታል፣ ብዙውን ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ፣ እሱን የሚለካ መፍቻ የሌለው መካኒክ ምሰሶውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ብረት ሲታጠፍ ይታያል፤ ካርቦን ከውስጥ ተሰንጥቆ ከውጭ ደህና ሊመስል ይችላል።

ልዩነታቸው መለዋወጫው ላይ ይመጣል። የማዶን የፔዳል ዘንግ ኩሽኔታ በጥርስ ተጠምዝዞ የሚገባ ነው፤ በመዶሻ የሚመታ ነገር የለም፣ ተፈትቶ ይወጣል። የኋላ ማርሹ ማንጠልጠያ ብዙ ፋብሪካዎች የሚጋሩት ዓይነት ነው። መሪውና አንገቱ አንድ ወጥ ሆነው ቢመጡም የተለመደ፣ ሁለት ቁራጭ የሆነ መሪና አንገት ሊገጠምበት ይችላል። ያን ያስገጠመ ሰው አንገቱ 1 ሴንቲ ሜትር ቢረዝምበት አንገቱን ብቻ ይቀይራል። የኤስ5 የቪ አንገት ግን የሰርቬሎ ብቻ ነው። በውድቀት ቢሰነጠቅ፣ በአውሮፕላን ጭነት ቢጎዳ፣ ርዝመቱ ባይስማማ፣ ከሰርቬሎ ሌላ ደጅ የለም። ዴንቨር ወይም አምስተርዳም ለሚኖር ሰው ይህ የአንድ ሳምንት ጥበቃ ይሆናል። አዲስ አበባ ላለ ሰው ማጓጓዣው አለ፣ ቀረጡ አለ፣ ዕቃውን የሚያመጣለት ዘመድ ከውጭ እስኪገባ መጠበቁ አለ።

ማዶን ሌላም በር አለው። ኤስኤል የሚባለው ርካሹ ወንድሙ ቅርጹ ያው ነው፤ አየሩ የሚያገኘው ያንኑ ቱቦ ነው። ፍሬሙን የሚለየው ካርቦኑ ነው፣ ስለዚህም ክብደቱና ዋጋው። ከዋናው ሲሶ በማይሞላ ዋጋ ይጀምራል፣ የመጀመሪያው ሞዴልም በገመድ በሚሠራ ማርሽ ይመጣል። የቀረውን ገንዘብ ጥሩ ጎማ፣ ከገላ የሚጣበቅ ልብስና ቁመናን በሚያስተካክል ባለሙያ ላይ ያዋለ ሰው ብቻውን በሜዳ ላይ ሲጋልብ ውዱን ብስክሌት በሰፊ ጃኬት ከሚጋልበው ሰው ይፈጥናል። ይህን የምለው ስለ ዋጋ ብቻ አስቤ አይደለም። የነፋስ ሒሳብ ራሱ የሚለው ይህንኑ ነው።

እኔ ብጠየቅ

አንድ ብስክሌት ብቻ ለሚኖረው፣ ዳገት ላለበት ከተማ፣ ከፋብሪካው ተወካይ ርቆ ለሚኖር ሰው፦ ማዶን። ደጋ ላይ ለጤናው ለሚጋልብ ሰው ደግሞ ኤስኤሉ ይበቃል ብዬ አምናለሁ፤ የኤስኤልአሩ ፍሬም የሚጨምረው ቀላልነት ነው እንጂ ፍጥነት ከነፋስ የሚቀማ አይደለም።

በባሕር ጠለል ሜዳ ላይ ብዙውን ጊዜ ብቻውን ወይም ከፊት እየመራ ለሚጋልብ፣ ለዳገት ሌላ ቀላል ብስክሌት ላለው፣ በአቅራቢያው የሰርቬሎ ዕቃ የሚያውቅ መካኒክ ላለው ሰው፦ ኤስ5። ይህን ሁሉ የሚያሟላ ሰው ጥቂት ነው፤ ለሚያሟላው ግን ከዚህ የተሻለ ለማግኘት ይቸገራል። በነጻ ልኬቶች ዘንድ ለዓመታት ከፊተኞቹ መካከል መቀመጡ በማስታወቂያ የተገኘ አይደለም።

ኤስ5ን የመረጠ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ቁመናውን በባለሙያ አስለክቶ የአንገቱን ርዝመትና የመሪውን ስፋት ሱቁ በዚያው ልክ ገጥሞ እንዲያስረክበው በጽሑፍ ይጠይቅ፤ በኋላ መቀየሩ ውድ ነው። ተጨማሪ የኋላ ማርሽ ማንጠልጠያ፣ አንድ ጥንድ የመሪ ኩሽኔታና የኮርቻውን ምሰሶ የሚያጠብቀውን ትንሽ ቁራጭ ከብስክሌቱ ጋር አብሮ ይዘዝ። ፋብሪካው ሞዴሉን በየሦስት አራት ዓመቱ ይለውጣል፤ የዛሬው ብስክሌት መለዋወጫ በቀላሉ የሚገኘው ዛሬ ነው።